ለፎቶ የቆመችውን ግመል የገዛሁ ዕለት

በዚያ ሰኞ ግመል ገዛሁ። ግመል አልፈልግም ነበር። ግመል የማሳድርበት በረት የለኝም፤ የሚጠብቅልኝ ሰው የለኝም፤ የምጭንበት ጭነት የለኝም። ከሁሉ በላይ ደግሞ ግመል የምገዛበት ገንዘብ የለኝም። በኪሴ የነበረው የአንድ ሰሌን ዋጋና የመመለሻዬ የአውቶቡስ ሒሳብ ነው። እንዲህ ሆኜ ግን በባቲ ገበያ መካከል፣ ያ ሁሉ ሰው እያየኝ፣ ድምፄን ከፍ አድርጌ "ገዛሁ!" አልኩ። ፈረንጆች አጨበጨቡልኝ። በሕይወቴ የተጨበጨበልኝ ያን ቀን ብቻ ነው፤ እሱም ለሞኝነቴ።

ነገሩ እንዲገባችሁ ከሥራዬ ልጀምር። በጉልምስናዬ ባቲ ላይ የግመል ደላላ ነበርኩ። በባቲ የግመል ተራ ዋጋ በአፍ አይነገርም። ሻጭና ገዥ፣ ወይም በእነሱ ፈንታ ደላሎቻቸው፣ ቀኝ እጅ ለቀኝ እጅ ይያያዛሉ፤ በላዩ ጋቢ ይጣላል፤ ከዚያ ወዲያ የሚከራከሩት ጣቶች ናቸው። አንድ ጣት መጨበጥ የራሱ ትርጉም አለው፤ ሁለት ጣት መጨበጥ የራሱ፤ መዳፍን በጥፍር ጫር ማድረግም የራሱ። ከዳር የቆመ ሰው የሚያየው የጋቢውን መወዛወዝና የሁለት ሰዎችን ፊት ብቻ ነው፤ በዚያ ሰዓት ደግሞ ፊት ሁሉ ውሸታም ነው። ሻጭ በጣቱ የጠራውን ዋጋ ገዥ አጥብቆ ይዞ "ገዛሁ" ካለ፣ የከበበው ሰው "አላህ ይባርክ" ይላል፤ አለቀ። ጋቢው ይነሳል፤ ዋጋው ግን እዚያው ከጋቢው ሥር ይቀራል። ለወንድምም ለሚስትም አይነገርም።

በዚህ ሥራ ስም ነበረኝ። በብልሃቴ ነው እላለሁ፤ ባለቤቴ ግን "ጣትህ ስለሚረዝም ነው፤ ሌላ ምን አለህ?" ትለኛለች። ሥራውን የተውኩት አንዲት ግመል ጉልበቴን ስለረገጠችኝ ነው። ሰው ሲጠይቀኝ "ንግዱ ቀዘቀዘ" ብዬ ነው የማወራው። ከዚያ ከሚሴ ገብቼ ጨው፣ ሳሙናና ላምባ የምሸጥባት አንዲት ጠባብ ሱቅ ከፈትኩ። ሳሙና አይራገጥም።

ከሚሴና ባቲ ያን ያህል የሚራራቁ አገሮች አይደሉም። ግን ቅርብ የሆነ ቦታ ሁልጊዜ "ነገ እሄዳለሁ" ያሰኛል፤ እኔም ነገ ነገ ስል ጢሜ ነጣ። እስከዚያ ድረስ የኖርኩት የባቲን ወሬ እያወራሁ ነው። ሱቄ የገባ ሰው ሳሙናውን ገዝቶ ወዲያው ከወጣ ዕድለኛ ነው፤ የአንዲት ግመል ሽያጭ ታሪክ ሳይሰማ መልሱን አይቀበልም። በመጨረሻ ባለቤቴን መረራት።

"ስማኝማ፣" አለችኝ አንድ ቀን ማታ፣ "ሰሌናችን ተበጣጥሶ አልቋል። ሰኞ ባቲ ሂድና ከአፋሮቹ ጥሩ ሰሌን ግዛ። በዚያውም ያንን ባቲህን እየውና ይውጣልህ፤ እኛም እንረፍ።"

ሰኞ በጠዋት ተነሳሁ። ከኮምቦልቻ ወደ ባቲ በሚወርደው አውቶቡስ ላይ ረዳቱ ሒሳብ ሊቀበለኝ ሲመጣ ከእግር እስከ ራሴ አየኝ። ንጹሕ ሸሚዝ ለብሼ ነበር፤ ጥምጣሜንም ባለቤቴ በኔው ሳሙና አጥባልኛለች።

"አባባ፣ እርስዎም ሊጎበኙ ነው?" አለኝ።

"ማንን?"

"ገበያውን ነዋ።"

"ምነው፣ ታሟል እንዴ?"

አውቶቡሱ ሳቀ። ረዳቱም ሳቀ። ገበያው ግን፣ ስደርስ እንዳየሁት፣ አልታመመም፤ እንደ ሙሽራ ተኳኩሎ ነበር እንጂ።

ባቲ መቼ እንደተቆረቆረች አያቶቻችንም አያውቁትም። የደጋው ሰው እህሉን ጭኖ ይወርዳል፣ የቆላው ሰው ጨውና ከብቱን ይዞ ይወጣል፣ ባቲ ላይ ይገናኛሉ። ድሮ ባቲ የሚመጣ ሰው ወይ ሊሸጥ፣ ወይ ሊገዛ፣ ወይ የጠፋች አህያውን ሊፈልግ ነበር። አሁን አራተኛ ዓይነት ሰው ተጨምሯል፤ ሊያይ የሚመጣ። ቀለም የተቀባ ሆቴል ተሠርቶለታል። ከአዲስ አበባ በትልልቅ መኪና ይጫናል። ባርኔጣ ያደርጋል፣ አንገቱ ላይ ካሜራ ያንጠለጥላል፣ ፊቱ በፀሐይ እንደ በርበሬ ይቀላል። ምንም ሳይሸጥ፣ ብዙም ሳይገዛ፣ ደስ ብሎት ይመለሳል።

ገበያውም እሱን አይቶ ተለውጧል። በኔ ዘመን ለእረኛ ዱላ ይሸጥ የነበረ ሰው አሁን ዱላው ላይ እባብ ይቀርጽበታል። የአፋር ጊሌ፣ ያ ቆልማማው ጩቤ፣ ድሮ በሰው ወገብ ላይ እንጂ በሱቅ ግድግዳ ላይ አላውቀውም ነበር፤ አሁን ተደርድሮ ተሰቅሏል። አንዲት ቅቤ ነጋዴ ቅቤዋን ወደ ጎን አድርጋ ፊቷን በገንዘብ ፎቶ ታስነሳለች፤ ቅቤው ይቀልጣል፣ ፊት አይቀልጥም አለችኝ። ከሁሉ ያስደነቀኝ አሮጌ ዕቃ የሚሸጠው ነው። እናቶቻችን ሲሰነጠቅ የሚጥሉትን የወተት ጮጮ በክብር አስቀምጦታል።

"ይሄ የተሰነጠቀ አይደል እንዴ?" አልኩት።

"እሱ ነው ዋጋውን የሚጨምረው፤ አሮጌ ሲሆን ይወደዳል።"

ደስ አለኝ። ለኔም ተስፋ አለ ማለት ነው።

ወዲያው አንዲት ፈረንጅ ካሜራዋን ወደኔ ስታነጣጥር ዕድሌን ልሞክር ብዬ ጥምጣሜን አስተካከልኩ፣ ሆዴን ወደ ውስጥ ሳብኩ፣ ሩቅ የማይ መስዬ ቆምኩ። ሴትዮዋ እጇን አወናጨፈች። ዘወር በል ማለቷ ነው። ለካስ ከኋላዬ ሽንኩርት የጫነች አህያ ቆማለች።

ይህ ሁሉ ሲሆን አልከፋኝም። ሰው ይስቃል፣ ሰው ይበላል፣ ገበያው ከድሮው ይልቅ ደምቋል። የከፋኝስ የግመል ተራ ስደርስ ነው።

ዙሪያውን ፈረንጆች ከበዋል፤ ከነሱም ኋላ የገበያ ሰዎች ቆመዋል። መካከል ላይ ጋቢ ተጥሎ ከሥሩ ሁለት እጅ ይንቀሳቀሳል። አንደኛው እጅ የድሮ ባልደረባዬ ነው፤ አብረን ስንደልል የኖርን፣ እኔ ስሄድ እዚያው የቀረ ሰው። ሌላው እጅ የአንድ ረጅም፣ ቀጭን፣ ዝምተኛ አፋር ነው። በግራው የአንዲት እንስት ግመል ገመድ ይዟል። ግመሊቱ አንገቷን ቀና አድርጋ ወደ ካሜራዎቹ ትመለከታለች። ይህን ልብ ማለት ነበረብኝ። እኔ ግን ያየሁት ጋቢውን ብቻ ነው።

ባልደረባዬ የአፋሩን ጣት ይይዛል፣ ፊቱን ያጨማድዳል፣ "አይሆንም!" ብሎ እጁን ይመነጭቃል፣ ጥቂት ራመድ ይልና ተመልሶ ይይዛል። እንደገና "አይሆንም!"። የግመሊቱ ጥርስ አልታየ፣ ጡቷ አልተዳሰሰ፣ እግሯ አልተነሳ። እንዲህ ያለ ድለላ በሕይወቴ አይቼ አላውቅም። "አይ ጊዜ! ይሄ ሰው ጃጅቷል ማለት ነው" ብዬ አዘንኩለት። በዕድሜ እኔ እበልጠዋለሁ።

አልቻልኩም። ፈረንጆቹን በክርኔ ገፋ ገፋ አድርጌ ገባሁ።

"እስቲ አንዴ ለኔ ተወው፣ ወንድሜ።"

ዞሮ ሲያየኝ ዓይኑ ፈጠጠ፤ በኦሮምኛ ሰላምታ ጀመረ። "አከም ጅርታ፣ አንተ ሰውዬ! በሕይወት አለህ እንዴ?"

"ነጋ፣ አልሃምዱሊላህ። ዞር በል።"

"ቆይ፣ ይሄ እኮ..."

"ዞር በል አልኩህ፤ ሥራ እንዴት እንደሚሠራ ላሳይህ።"

"ኧረ በነቢ ይዤሃለሁ፣ ተው!"

ቅናት መሰለኝ። እጁን አስለቅቄ የኔን ከጋቢው ሥር አስገባሁና የአፋሩን ጣቶች ያዝኩ። ሰውዬው ግራ ገብቶት አየኝ፤ ጣቶቹ ግን ከልማዳቸው አንድ ዋጋ ጠሩ። ጆሮዬን፣ ማለቴ ጣቴን፣ ማመን አቃተኝ። ስንት እንደነበር አልነግራችሁም፤ ብቻ በዚያ ዋጋ ሁለት ደህና በግ ከተገኘ ጥሩ ነው። እንዲህ ያለ ዕድል የሚያልፈው ደላላ ደላላ አይደለም። ጣቶቹን ጭብጥ አድርጌ ይዤ፣

"ገዛሁ!" አልኩ።

የከበቡን የገበያ ሰዎች ሳያስቡት "አላህ ይባርክ!" አሉ። ቃሉ ከአፋቸው ከወጣ በኋላ እርስ በርስ ተያዩ። ያጨበጨቡት ፈረንጆቹ ብቻ ናቸው። አፋሩ አልተቆጣም። የግመሊቱን ገመድ በእጁ ላይ አንድ ዙር ጨመረበት።

ፈረንጆቹን አስተርጓሚያቸው ለምሳ ይዟቸው ሄደ። ባልደረባዬ ክንዴን ጨምድዶ ያዘኝ።

"ምን አደረግህ?"

"ግመል ገዛሁ። ያውም በምን ዋጋ!"

"የምን ዋጋ? እኛ ከጠዋት ጀምሮ ጣት ለጣት ስንቆነጣጠጥ ነው የዋልነው! ይህች ግመል ለፎቶ የምትቆም ናት። በየሰኞው ያመጣታል። አስተርጓሚው ፈረንጆቹን ሰብስቦ 'ይኸው የግመል ንግድ' ይላል፤ እኛ ጋቢ ጥለን እንጨቃጨቃለን፤ ፈረንጅ ያነሳል፤ ለኛ የሻይ ይሰጠናል፤ ማታ ግመሏ ወደ ቤቷ። እውነተኛው ገበያ ማዶ ነው፤ ያውልህ!"

ወደ ማዶ አየሁ። ከግራሮቹ ሥር ሰዎች ሁለት ሁለት ሆነው ጋቢ ጥለው ዝም ብለው ተቀምጠዋል። አንድም ፈረንጅ የለም።

"ታዲያ እውነተኛውን ለምን አያሳዩዋቸውም?"

"ጥላ ነው፤ ፎቶ አያወጣም ይላሉ።"

"ጨዋታ ከሆነማ ቀላል ነው፤ ይፍረስ።"

ወደ ጆሮዬ ጎንበስ አለ። "ቀስ ብለህ ተናገር። ሰውዬው ሌላ የምትታለብ የለውም። ዘንድሮ ከብቱን ድርቅ ፈጅቶበታል። ልጆቹ በልተው የሚያድሩት የሷን ወተት ነው። አይጠይቅህም ግን። ቢሞት አይጠይቅህም።"

ይህን ጊዜ የግመል ተራው ሽማግሌ በምርኩዛቸው እየተደገፉ ደረሱ። በዚያ ተራ ጠብ ሲነሳ የሚዳኙት እሳቸው ናቸው። እኔንና አፋሩን ፊት ለፊት አስቀመጡን።

"አንተ የከሚሴው፣ ገዛሁ ብለሃል?"

"ብያለሁ፣ ያ ሸህ።"

"አንተስ፣ ዋጋ ጠርተሃል?"

"ጠርቻለሁ" አለ አፋሩ። ድምፁን የሰማሁት ያን ጊዜ ነው።

"ያ ሸህ፣ ጨዋታ እኮ ነበር!" አለ ባልደረባዬ።

"ዛሬ ጨዋታ ነበር ብለን ካፈረስን፣ የሚመጣው ሰኞ ግመሉን ሸጦ የጸጸተው ሁሉ 'ስጫወት ነበር' እያለ ይመጣብኛል። ሁለት እጅ ተያይዟል፣ ሰው መርቋል፤ ሽያጭ ነው።" ከዚያ ድምፃቸውን አለዘቡት። "ግን ገና አልተለያያችሁም። ከተቀመጣችሁበት ሳትነሱ፣ ሁለታችሁም ወዳችሁ ከተለቃቀቃችሁ ይፈርሳል። የከሰዓቱ፣ የአስር ሶላት አዛን ሲል እንነሳለን። ከዚያ ወዲያ ግመሏ ያንተ ናት፣ ገንዘቡ የሱ።"

"ቀድሞ ልቀቀኝ ያለውስ?" አለ ባልደረባዬ።

"እሱማ ቃሉን አጥፏል። ከዛሬ በኋላ በዚህ ተራ እጁን ማንም አይጨብጥለትም።"

ይህን ብለው ወደ ጥላቸው ሄዱ። እኔና አፋሩ፣ ግመሊቱም ከኋላችን፣ ፀሐይ ላይ ቀረን።

እንግዲህ አስቡት። እሱ ቢጠይቅ ስሙ ይጠፋል፤ በየሰኞው ከፎቶ የሚያገኛት ጥቂት ነገርም ትቀራለች። ባይጠይቅ ግመሏ ትሄዳለች። እኔስ? ሳሙና ለምሸጥ ሰው የግመል ተራ ስም ምን ያደርግልኛል? አእምሮዬ እንዲህ አለኝ። ልቤ ግን እምቢ አለ። ከሚሴ ላይ ስንት ዓመት ያወራሁት ስለ አንድ እጅ ነው፤ አንዴ ከጨበጠች ወደ ኋላ ስለማትመለስ እጅ። እሷም ብትቀርብኝ ለደንበኞቼ የምሸጠው ሳሙና ብቻ ሊሆን ነው። ደግሞም ገንዘብ ሳይዝ እጁን ከጋቢ ሥር የሚያስገባ ሰው ከተራው ይባረር ነበር፤ በኔ ዘመን አባራሪው እኔ ነበርኩ።

አፋር ከሰው ጋር ተቀምጦ ዝም አይልም። ዳጉ የሚሉት ልማድ አላቸው፤ ተገናኝተው ሲቀመጡ ያዩትንና የሰሙትን አንድም ሳያስቀሩ ይነጋገራሉ። በዳጉ መዋሸትም፣ ማስቀረትም ነውር ነው። እንዲህ ተጣብቀን እንኳ ልማዱን አልተወውም።

"ከየት ነው የመጣኸው?" አለኝ።

"ከከሚሴ።"

"ምን አየህ?"

ያየሁትን ነገርኩት። በየትኛው መንደር ዝናብ እንደጣለ፣ የቱ ድልድይ እንደተሰነጠቀ፣ የማን ሠርግ ላይ ወንዶቹ ተጣልተው ሴቶቹ እንዳስታረቋቸው። የአህያዋንና የፎቶውንም ነገር ነገርኩት፤ ከንፈሩ ትንሽ የተንቀሳቀሰ መሰለኝ። ተራው የሱ ሆነ። በነሱ አገር ደመናው መጥቶ ሳይጥል እንደተመለሰ፣ ጅብ ከየትኛው በረት እንደገባ፣ የትኛው ኩሬ እንደደረቀ ነገረኝ።

"ልጅም ተወልዶልኛል" አለ።

"ማሻአላህ! ወንድ ነው ሴት?"

"ሴት ናት።"

"እናቲቱስ ደህና ናት?"

"ደህና ናት። ጡቷ ግን..." አለና ቆመ።

ወደ ግመሊቱ አየ፤ ከዚያ ወደ መሬት። ዳጉ ላይ ወሬ አይቆረጥም፤ እሱ ቆረጠው። ቀሪውን ቢጨርሰው ልመና ይሆንበታል። እኔም ስለ ኪሴ መናገር የነበረብኝን አስቀረሁ። ሁለት ጎደሎ ወሬ ይዘን ጎን ለጎን ተቀመጥን።

በዚህ ላይ ከጠዋት ጀምሮ የጠጣሁት ሻይ መውጫ ፈለገ። እግሬን አጣጥፌ ተቀመጥኩ፤ ዘረጋሁ፤ መልሼ አጣጠፍኩ። ብነሳ ተለያየን ማለት ነው፤ ብንለያይ ግመሏ የኔ ናት። ሰው ግመል የሚገዛው ለጭነት ነው፣ ለወተት ነው፤ በሽንት ምክንያት የገዛ የመጀመሪያው ሰው ልሆን ነው። ባልደረባዬ ከዳር ሆኖ ጭንቀቴ ገብቶት፣

"ውኃ ላምጣልህ?" ይለኛል፣ ክፉ!

ጥላው ረዝሞ፣ ሽማግሌው ለሶላት ውዱእ ሊታጠቡ እጅጌያቸውን መጠቅለል ጀምረው ነበር፣ አስተርጓሚው ሌሎች ፈረንጆች አስከትሎ ሲመጣ። ክራባት ያሰረ፣ ፈገግታው የማያልቅ የአዲስ አበባ ልጅ ነው።

"አባባ! ቅድም ያደረጉት እንዴት ግሩም ነበር መሰለዎት! ሁላቸውም ስለሱ ነው የሚያወሩት። እነዚህኛዎቹ ደግሞ ዘግይተው ስለመጡ አላዩትም። ፀሐይዋም አሁን ነው ያማረችው። እባክዎ፣ አንዴ ብቻ ይድገሙልን?"

አፌን ሳልከፍት ባልደረባዬ ጋቢውን አንስቶ በእጃችን ላይ ጣለው። "ይደግማሉ እንጂ! ለእንግዳ የማይደረግ ምን አለ?"

የአፋሩን እጅ ያዝኩ። በዚያ ሙቀት እጁ ቀዝቅዟል። ካሜራዎቹ ቀጭ ቀጭ ይላሉ፤ ፈረንጆቹ ይንጠራራሉ፤ ሽማግሌውም ከሩቅ አንገታቸውን አቅንተዋል። ይህ ሁሉ ዓይን የሚያየው ግን የጋቢውን መወዛወዝ ነው። በጋቢ ሥር አንድ ምልክት አለ፤ ጣት ሳይጨበጥ መዳፍ ተዘርግቶ መዳፍ ላይ ሲያርፍ፣ "አንተም በገንዘብህ፣ እኔም በከብቴ" ማለት ነው። ያኛውም መዳፉን ከዘረጋ ተለቃቅቀዋል።

ከሁለታችን አንዱ መዳፉን ዘረጋ። ሌላው ምራቁን እስኪውጥ እንኳ አልቆየም፣ የራሱን ዘርግቶ ገጠመው።

ማን ነው ቀድሞ የዘረጋው? ባለቤቴ ስንት ጊዜ ጠይቃኛለች። ስትቆጣ ጠይቃኛለች፤ ዶሮ ሠርታ ጠይቃኛለች። አልነገርኳትም፤ ለናንተም አልነግርም። ደላላ ነበርኩ እኮ።

"ተለቃቀቅን" አልን ሁለታችንም ጋቢው ሲነሳ።

ሽማግሌው ቀረቡ። "ማን ጠየቀ?"

እኔ ጥምጣሜን፣ እሱ ገመዱን ማስተካከል ጀመርን።

"ማንም አልጠየቀም፣ ያ ሸህ" አለ ባልደረባዬ። "ድገሙ ያሉት ፈረንጆቹ ናቸው።"

ሽማግሌው አንዴ እኔን፣ አንዴ አፋሩን አዩ። ከዚያ ምርኩዛቸው እስኪነቃነቅ ድረስ ሳቁ። "እንግዲያስ ከተራው የማባርረው ፈረንጆቹን ነዋ!"

አዛኑ ተሰማ። እኔም ተስፈንጥሬ ተነስቼ ሮጥኩ። ለሶላት የቸኮልኩ መስሏቸው "ማሻአላህ፣ ሽማግሌ እንዲህ ነው" ያሉኝ ነበሩ። እርግጥ ነው ሶላቱንም ሰግጃለሁ፤ መጀመሪያ ግን ወደ ቁጥቋጦው ነው የሮጥኩት።

ከሰገድን በኋላ አውቶቡሱ ዘንድ ስሄድ አፋሩ ግመሏን ይዞ መንገድ ዳር ቆሞ ሲጠብቀኝ አገኘሁት።

"እኔና አንተ ተለቃቅቀናል" አለኝ። "እሷ ግን አልተለቀቀችም።"

"ማን?"

"ግመሏ ናታ። ሸጥኳት፤ ገዛሃት፤ መለስካት። ማን ጠየቃት? ዛሬ ማታ ኩርፊያዋን አውቀዋለሁ፤ ወተቷን ትይዝብኛለች።"

ፊቱን አየሁት። ደላላ የነበርኩ ሰው እንኳ ቀልዱን ለማግኘት ትንሽ ቆየሁ።

"ታዲያ በምን ላስታርቃት?"

"የናንተን የጨፋ ጥንቅሽ ትወዳለች። ሲደርስ አንድ ሸክም ታመጣላታለህ።"

"ወላሂ አመጣለሁ!"

ያን ጊዜ ሳቀ። ግመሏን ጎተት አድርጎ፣ ከነጡቷ፣ ከነወተቷ፣ ወደ ቆላው መንገድ ይዟት ወረደ። እስኪሰወሩ ድረስ ቆሜ አየኋቸው፤ አውቶቡሱም ጥሎኝ ሊሄድ ምንም አልቀረው።

ማታ ቤት ስገባ ባለቤቴ ባዶ እጄን አየች።

"ሰሌኑስ?"

"ግመል ገዝቼ ነበር" አልኳት።

"የታለች?"

"መለስኳት።"

የተበጣጠሰውን ሰሌን አራግፋ አነጠፈችና፣ "አልሃምዱሊላህ፣ እንኳን ለሰሌን ብቻ ላክሁህ" አለች።

ቃሌን ግን አልረሳሁም። የዚያን ዓመት ጥንቅሹ ሲደርስ ከጨፋ ማሳ ምርጥ ምርጡን አገዳ አስቆርጬ፣ አንድ ሸክም አስሬ፣ አውቶቡስ ላይ ጫንኩ። ጥንቅሽ ደግሞ ታውቁታላችሁ፤ አገዳው እንደ ሸንኮራ ነው፣ ሽታውም አይደበቅ። ገና ከከሚሴ ሳንርቅ አንዲት ሴት "አማረኝ፣ አባዬ፣ አንዲት ብቻ" አለችኝ። እርጉዝ ናት፤ እንዴት ይከለከላል? ለሷ ስሰጥ ጎረቤቷ አየ። ለሱ ስሰጥ ሹፌሩ በመስተዋት አየ። እኔም ይጣፍጥ እንደሆነ ልሞክር ብዬ አንድ ላጥኩ። ኮምቦልቻ ስንደርስ አውቶቡሱ ወለል ላይ ያለው ልጣጭ ቁርጭምጭሚት ይደርስ ነበር።

ባቲ የደረስኩት ጥቂት አገዳና ብዙ ቅጠል ይዤ ነው። ግመሏ ባንድ ትንፋሽ ጨርሳው እጄን ማሽተት ጀመረች።

"ይሄ የሸክም ወሬ ነው እንጂ ሸክም አይደለም" አለኝ አፋሩ።

"የቀረውን በሚመጣው መኸር።"

በሚመጣውም መኸር እንዲሁ ሆነ፤ ከዚያ ወዲያም እንዲሁ። በጭነት መኪና ሞከርኩ፤ አራጋፊዎቹ ከተሳፋሪዎቹ ባሱ። በጆንያ ሰፍቼ ሞከርኩ፤ መንገድ ላይ አንዱ ጆንያውን አሽትቶ "ሀጂ፣ ይሄ ነገር ጥንቅሽ ነው አይደል?" አለኝ፤ ሀጅ አላደረግሁም፤ ሀጂ ሲለኝ ግን ደስ ብሎኝ ጆንያውን ራሴው ፈታሁለት።

ባለፈው ዓመት ደህና ተሳክቶልኝ ነበር፤ ግማሽ ሸክም ያህል አደረስኩ። አፋሩ ያችን ያን ጊዜ የተወለደችውን ልጁን ይዟት መጥቶ ነበር፤ አድጋ፣ ጥርሷ ነጭ ሆኖ፣ ወተት የጠገበች ልጅ መሆኗ ከጉንጯ ያስታውቃል። አገዳዎቹን ስፈታ መጥታ ትልቁን መዘዘች፤ ቁጭ ብላ በጥርሷ ትልጠው ጀመር። አንዱን ጨርሳ ሌላ ወሰደች። ከዚያ ሌላ። እኔና አባቷ አየናት። ግመሏም ከላይ ሆና አየቻት። የተረፈውን ቅጠል ለግመሏ ሰጠናት።

"እንግዲህ ዕዳዬ አለቀ በል" አልኩት።

"ይሄኛው አይቆጠርም" አለኝ። "ልጄ ናት የበላችው።"